በ256 የቀዳሁት የሌሊት ወፍ ዳሰሳ

የሌሊት ወፍ ስለሚያዝበት መረብ ብዙ አልልም። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ስስ መረብ ጅረት ወይም ዛፍ የጋረደው መንገድ ላይ ይዘረጋል፤ ሲመሽ ይከፈታል፤ በየ10 ደቂቃው ይታያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ባትወጡ ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ሰው ደግሞ ጓንት ቢያጠልቅም የሌሊት ወፍ አይያዝ።

ያበላሸሁት የሌሊት ወፎቹን ጥሪ የሚይዘውን የድምፅ መቅጃ ነው። መመሪያው በሰከንድ 256 ሺህ ናሙና፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ 256 ሺህ ጊዜ መለካት፣ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ይበቃል ስለሚል አምኜ ተውኩት። አይበቃም። መቅጃ በትክክል የሚይዘው እስከ ናሙናው ግማሽ የሚደርስ ድግግሞሽ (የድምፅ ቅጥነት) ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ 128 ኪሎኸርዝ ማለት ነው። ቅጠል አፍንጫ ከሚባሉት የሌሊት ወፎች ትንንሾቹ ግን 140 አካባቢ የሚጮኹ አሉ። ድምፃቸው ሳይቀዳ ቢቀር ይሻል ነበር። የመቅጃው ማጣሪያ ደካማ ሲሆን ከገደቡ ያለፈው ድምፅ ታጥፎ ይመለሳል፤ ከ256 ላይ 140 ሲቀነስ 116። ስፔክትሮግራሙ (የድምፁን ድግግሞሽ በጊዜ የሚያሳየው ሥዕል) ላይ 116 ላይ የተጋደመ ጥርት ያለ መስመር አየሁና ባለ ፈረስ ኮቴ አፍንጫ የሚባለው ሌላ የሌሊት ወፍ ነው ብዬ መዘገብኩ። ያላገኘሁትን ዝርያ ካርታው ላይ አስገባሁ፤ ያገኘሁትን አስቀረሁ። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ምልክቱ ፊቴ ነበር። የጥሪው ጅራት መውረድ ሲገባው ከ116 ወደ ላይ ይወጣል፣ 128 ላይ ተሰብሮ ይወርዳል። ርዝመቱን ብለካ እንኳ ይበቃኝ ነበር፦ የትንንሾቹ ቅጠል አፍንጫዎች ጥሪ 10 ሚሊሰከንድ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የባለ ፈረስ ኮቴዎቹ ግን ከ20 በላይ ይሄዳል። የታጠፈ ድምፅ ደግሞ ከእውነተኛው ጋር ተደባልቆ ስለሚጻፍ በኋላ በሶፍትዌር አይጣራም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሌሊት መቅጃውን በሰከንድ 384 ሺህ ናሙና ላይ አድርጉት፤ እስከ 192 ኪሎኸርዝ ይይዛል። ከ200 ኪሎኸርዝ በላይ የሚጮህ ዝርያ ባለበት 500 ሺህ ናሙና ያስፈልጋል። በ16 ቢት 12 ሰዓት ሳያቋርጥ ሲቀዳ 256 ላይ 22 ጊጋባይት፣ 384 ላይ 33 ጊጋባይት ይፈጃል። ለ11 ጊጋባይት ብሎ ዝርያ ማጣት አያዋጣም።

140 ኪሎኸርዝ አየር ላይ ቶሎ ስለሚሞት ማይክሮፎኑን ገላጣ ሜዳ ላይ አትስቀሉ፤ ከዋሻው አፍ ወይም ከቁጥቋጦው መተላለፊያ ጥቂት ሜትር አጠገብ ይሁን። ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ በማሚቶ ስለማይመሩ መቅጃው ዝም ቢልም የሉም ብላችሁ አትጻፉ፤ እነሱን የሚያሳያችሁ መረቡ ነው። መረብ የያዘውንና ክንዱ ተለክቶ የታወቀውን ስትለቁ ድምፁን ቅዱና ለማነጻጸሪያ አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ፋይል መዝገብ ላይ የናሙናውን ቁጥር ጻፉ።