የትራፋልጋርን ውጊያ በወለል ላይ እንዴት እንዳሰለፍኩት

ስለ ሸራ መርከቦች ዘመን የባሕር ውጊያዎች ሳነብ አንድ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ቆይቷል፦ 27 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች 33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦችን ገጥመው አንድም መርከብ ሳይጠፋባቸው እንዴት ሊያሸንፉ ቻሉ? ብዙ ጸሐፊዎች መልሱን በአድሚራል ኔልሰን ጀግንነት ይዘጉታል። ጀግንነቱ ጥርጥር የለውም፤ ነገር ግን ጀግንነት ብቻውን መርከብ አያንቀሳቅስም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805 በስፔን ጠረፍ ኬፕ ትራፋልጋር አጠገብ የተደረገውን ውጊያ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት በተዋስኩት አዳራሽ ወለል ላይ በካርቶን መርከቦች ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለማሰለፍ ወሰንኩ።

ሥራው የተጀመረው በልኬት ነው። አንድ ሜትር ወለል አንድ ኪሎ ሜትር ባሕር እንዲሆን አደረግሁ። የኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ የመድፍ ወለሏ 57 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም በካርቶን ስትቆረጥ ስድስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ በርካታ ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የፈረንሳይና የስፔን ሰልፍ ግን በርካታ ሜትር ወለል ያዘ። በሥዕል ላይ ተጠጋግተው የምናያቸው መርከቦች በእውነተኛ ልኬት ሲቀመጡ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ባሕር ውጊያ በቁም ነገር ማጥናት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሥዕሉን ትቶ ማስመሪያውን እንዲያነሣ እመክራለሁ።

ቀጥሎ ነፋሱ መጣ። በዚያ ቀን ከምዕራብ ሰሜን ምዕራብ ገደማ ቀላል ነፋስ ይነፍስ ነበር። ትልልቅ አራት ማዕዘን ሸራዎችን የዘረጋ መርከብ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከ67 ዲግሪ ገደማ በላይ ተጠግቶ መጓዝ አይችልም። ይህን በቃል ከማስታወስ ይልቅ የነፋሱን ግራና ቀኝ አንድ ላይ የሚሸፍን፣ 135 ዲግሪ የሚሰፋ ቁራጭ ከካርቶን ቆረጥኩና በእያንዳንዱ መርከብ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቁራጩ የሸፈነው አቅጣጫ ሁሉ ለዚያ መርከብ ዝግ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ የጥምር ጦሩ አዛዥ ቪልኔቭ መርከቦቹ ሁሉ ዞረው ወደ ሰሜን፣ ወደ ካዲዝ እንዲመለሱ አዘዘ። መርከቦቹን በአዲሱ አቅጣጫ ሳስቀምጣቸው የቁራጩ ጠርዝ የሰልፉን መስመር ሊነካ ደረሰ። ወደ ሰሜን መሄድ ማለት ነፋሱ የሚፈቅድላቸው የመጨረሻው ዳርቻ ላይ መሄድ ነበር፤ ስለዚህ ከሰልፉ ትንሽ ወደ ምሥራቅ የተንሸራተተ መርከብ ወደ ቦታው ለመመለስ እጅግ ይቸገራል። የሰልፉ መሐል እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ አንዳንዱ መርከብ ተደራርቦ፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ክፍተት ተፈጥሮ የታየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመርከበኞቹን ልምድ ማነስ ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ሰዓቱን በተመለከተ መርከቦቹ የያዟቸው መዝገቦች እርስ በርስ አይስማሙም፤ እያንዳንዱ መርከብ የራሱን ሰዓት ይቆጥር ነበርና። እኔም የሰዓት ቁጥሮችን ለማስታረቅ ከመድከም የክስተቶችን ቅደም ተከተል ያዝኩ፤ ማን መጀመሪያ ሰልፉን ሰበረ፣ ከዚያ ማን ደረሰ በሚል።

አንዱን እርምጃ አምስት ደቂቃ አድርጌ መርከቦቹን ማንቀሳቀስ ስጀምር ከሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ዝግታው ነው። ፍጥነታቸው በሰዓት ከሦስት ኪሎ ሜትር በታች ስለነበረ ቪክቶሪን በአንድ እርምጃ የማስጠጋት 23 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። መርከቢቱ አፍንጫዋን ወደ ጠላት አድርጋ ስለምትሄድ በጎኖቿ የተደረደሩት መድፎች ሊተኩሱ አይችሉም፤ የጠላት መርከቦች ግን ሙሉ ጎናቸውን ወደ እርሷ አዙረዋል። 40 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም ስምንት እርምጃ፣ መልስ ሳትሰጥ ተተኮሰባት። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የኔልሰን ጸሐፊ ጆን ስኮት ተገደለ፤ አንድ ጥይት ስምንት የባሕር ኃይል ወታደሮችን በአንድ ጊዜ ጣለ፤ መሪው ተሰብሮ መርከቢቱ ከታችኛው ወለል በሰው ጉልበት መመራት ግድ ሆነባት። ይሁን እንጂ ከምዕራብ የሚመጣው ሞገድ የጥምር ጦሩን መርከቦች ከጎን እየመታ ያንከባልላቸው ስለነበር ዒላማ መያዝ ይሳናቸው ነበር።

እኩለ ቀን ገደማ የኔልሰን ምክትል የኮሊንግውድ መርከብ ሮያል ሶቨሪን የታችኛው አካሏ በቅርቡ በአዲስ መዳብ ተለብጦ ስለነበር ከሁሉ ቀድማ ሰልፉን ሰበረች። በኋላም ቪክቶሪ በቪልኔቭ መርከብ በቡሳንቶር ጀርባ አለፈች። የእነዚህ መርከቦች የኋላ ክፍል መስኮትና ቀጭን እንጨት በመሆኑ፣ ከዚያ የሚገባ ጥይት የመድፉን ወለል ከዳር እስከ ዳር እየጠረገ ይሄዳል። ሁለቱን ካርቶኖች አጠጋግቼ በመድፎቹ አንጻር ክር ስዘረጋ፣ ክሩ በቡሳንቶር ርዝመት ሙሉ አለፈ፤ ከቡሳንቶር ወደ ቪክቶሪ ግን በዚያች ቅጽበት ሊዘረጋ የሚችል ክር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለጥያቄዬ ዋናውን መልስ ያገኘሁት ግን ከሰልፉ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። በዱማንዋር የሚመሩ አሥር መርከቦች ውጊያው ከደቡባቸው ሲፋፋም እነርሱ ወደ ሰሜን መጓዛቸውን ቀጠሉ። ለመመለስ በዚያ ደካማ ነፋስ መዞር ነበረባቸው፤ አንዳንዶቹም በጀልባ እየተጎተቱ ነው የዞሩት። ሲደርሱ ነገሩ አልቋል። እንግዲህ በወሳኞቹ ሰዓታት የተጋጠሙት 27 ለ33 ሳይሆን 27 ለ23 ናቸው። ኔልሰንም ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ኦክቶበር 9 ቀን ለካፒቴኖቹ በጻፈው መመሪያ የጠላት ሰልፍ ፊት ረድፍ ለመርዳት ከመመለሱ በፊት መሐሉንና ኋላውን መጨረስ እንደሚገባ አመልክቶ፣ የምልክት ሰንደቅ በማይታይበት ጊዜ መርከቡን ከጠላት መርከብ ጎን ያስጠጋ ካፒቴን ብዙ እንደማይሳሳት ነግሯቸዋል። ጭሱን ለማሳየት ጥጥ ስበትን የዚህን ቃል ጥበብ ተረዳሁ፤ ጥጡ ከተበተነ በኋላ ከቪክቶሪ ላይ ሆኖ የሚታዘዝ መርከብ አልቀረም።

አሁን ይህንኑ ዘዴ በእ.ኤ.አ. 1798 የአቡኪር ውጊያ ላይ እየሠራሁበት ነው። በዚያ 13 የፈረንሳይ መርከቦች መልሕቃቸውን ጥለው በግብፅ ጠረፍ ተሰልፈው ነበር፤ ነፋሱም ከሰልፉ ራስ ወደ ጭራው ይነፍስ ነበር። 135 ዲግሪውን ቁራጭ በጭራው መርከቦች ላይ ሳስቀምጠው፣ እየተደበደቡ ወዳሉት ጓዶቻቸው የሚወስደውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።