ፓርት ታይም ሆኜ የጁሪ ዱቲ ክፍያዬን እንዴት እንዳገኘሁ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ፓርት ታይም፣ በሰዓት የሚከፈል። ስለዚህ የጁሪ መጥሪያው (ፍርድ ቤት ተቀምጠው ክስ ሰምተው ከሚወስኑት ተራ ዜጎች አንዱ እንድሆን የሚጠራኝ ደብዳቤ) በፖስታ ሲደርሰኝ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ፍትሕ ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው።

ሥራ ቦታ ያሉ ያገር ልጆች ምክራቸውን አልነፈጉኝም። «ዜጋ አይደለሁም ብለህ ላክላቸው፣ ማን ሊያጣራ ነው?» አለኝ አንዱ። መጠይቁን እኮ እውነት ነው ብላችሁ ፈርማችሁ ነው የምትመልሱት! የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤ እንዲህ ብዬ ልፈርም? አገር ቤት ክስ ሰምቶ የሚፈርደው ዳኛ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ ምክሩም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ «ክፍያ ያለው ለፉል ታይም ብቻ ነው» ብላ ዘጋችው። እዚያው ቆሜ አልተከራከርኳትም፤ ማታ ቤት ገብቼ ሕጉን ፈለግኩት። የፌዴራሉ የደሞዝ ሕግ አሠሪውን ላልተሠራ ሰዓት ክፈል ብሎ አያስገድደውም። የኮሎራዶ ሕግ ግን ያስገድዳል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አሠሪው የተለመደ ደሞዛችሁን በቀን እስከ 50 ዶላር ይከፍላል፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ግዛቱ ራሱ በቀን 50 ይከፍላል። ፓርት ታይም፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ሁሉም ይገባበታል፤ ዋናው ባለፉት 3 ወራት ከነበራችሁ ስኬጁል ሰዓታችሁ መታወቅ መቻሉ ነው።

ከዚያ ለኤች አር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ኢሜይል ጻፍኩ። በቃል መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ ነገ «አልሰማሁም» ይመጣል። የመጥሪያውን ፎቶና የ3 ወር ስኬጁሌን አያይዤ፣ የሕጉን ቁጥር 13-71-126 ጠቅሼ፣ በትህትና «ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም ይንገሩኝ» አልኩ። ይከፈለኝ ወይ አላልኩም፤ እንዴት ነው ያልኩት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ከፍርድ ቤት የምታገኘውን ማስረጃ ይዘህ ና።

ሌላው ነገር፣ መጥሪያ ደረሳችሁ ማለት የግድ ትሄዳላችሁ ማለት አይደለም። ከቀኑ በፊት ባለው ምሽት በጁሪ ቁጥራችሁ ታጣራላችሁ፣ አትምጡ ሊሏችሁም ይችላሉ። ሺፍት የሚተካችሁ ሰው እንዳይቸገር ይህንን ለአለቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ግን አትምጣ አልተባልኩም። ቁጥር ያለበት ስቲከር ደረቴ ላይ ለጥፈው አስቀመጡኝ፣ ጠበቆቹ በየተራ ጠየቁን፣ ከሰዓት በኋላ አልተመረጥክም ተባልኩ። ኮሎራዶ ውስጥ ደንቡ አንድ ቀን ወይም አንድ የክስ ሂደት ነው፤ ካልተመረጣችሁ በዚያው ቀን ጨረሳችሁ። ከመውጣቴ በፊት የአገልግሎት ማስረጃውን ተቀብዬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ኦሪጅናሉን ለኤች አር ሰጠሁ።

ፔይ ስተቤ (የደሞዝ ወረቀቴ) ላይ «ጁሪ» ተብሎ ለብቻው 50 ዶላር ገባ። ሙሉ ሺፍት ብገባ የማገኘው ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር፣ ስለዚህ ደሞዜ ተተካልኝ ብዬ አልዋሽም። ሕጉ ከ50 በላይ በስምምነት መክፈልን አይከለክልም፤ አንዳንድ ድርጅት ሙሉውን ይከፍላል፣ የሠራተኛ መመሪያችሁን ገልጣችሁ እዩ። ቀኑ ካልተመቻችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ እስከ 6 ወር ማዘዋወር ይቻላል።

ይህ ሁሉ የኮሎራዶ ነው፣ ሌላ ግዛት ያላችሁ የራሳችሁን እዩ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለፉል ታይም እስከ 5 ቀን ይከፍላል። ሜሪላንድ ውስጥ አሠሪው እንዲከፍል አይገደድም፤ ግን በዚህ ምክንያት ሊያባርራችሁም፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ተጠቀሙበት ብሎ ሊያስገድዳችሁም አይችልም።