ስምንት ወር ከመቃ ብዕር ጋር

ባለፈው እሑድ እንደ ጥንቱ የብራና ጽሕፈት በመቃ ብዕር አሥራ ሁለት መስመር ያለው አንድ ገጽ ሳልሰርዝ ጽፌ ጨረስኩ። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። የጻፍኩት እማዬ በስልክ የነገረችኝን የበርበሬ አዘገጃጀት ነው፤ ከኮረሪማው እስከ ጤና አዳሙ። አሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም ከሚገባባቸው ቦታዎች አንዱ የፈጣሪና የቅዱሳን ስም ነው። እኔ ከታች የእማዬን ስም በቀይ ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል፤ አብረን የጀመርን ልጆች ደግሞ የት እንደደረስኩ እንድታውቁ ፈለግሁ።

አጀማመሬን ባጭሩ ልበለው። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ብርዱ ሲገባ ሥራ ካልሆነ ከቤት አይወጣም። ኅዳር ላይ ለእህቴ የልደት ካርድ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ «ጸ»ን አጣት። ሳያት አነባታለሁ። ስልኬ ላይ እተይባታለሁ። እጄ ግን ረስቷታል። ካርዱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። በጣም ነው የከፋኝ። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ በተራ እስክሪብቶ፣ ቀጥሎ ፓይለት ፓራሌል በሚባል፣ አፉ 2.4 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ብዕር፣ ከዚያ በመቃ። ሁለት ወር በዚህ አለፈ።

ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ቆምኩ።

ፊደሎቼ ይነበባሉ፤ የብራና ፊደል ግን አይመስሉም። «ለ»ን ስጽፍ የግራ እግሯ ይቀጥናል፣ የቀኙ ይወፍራል። አንካሳ ትመስላለች። «በ» ደግሞ ጣራዋም እግሮቿም እኩል ይወፍሩና በሳንቃ የተመታ በር ትሆናለች። ወረቀት ቀየርኩ። ቀለም ቀየርኩ። ሦስት ዓይነት ውድ ቀለም ገዝቻለሁ፤ አንዱም አላስፈለገኝም ነበር። እጄ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ጥፋቱ የተማርኩበት መንገድ ነበር። የምከተላቸው ቪዲዮዎች በሙሉ የላቲን ፊደል የሚያስተምሩ ናቸው። ብዕሩን 45 ዲግሪ አዘንብል ይላሉ፤ እኔም እንደ ሕግ ያዝኩት። ለእነሱ ፊደል ልክ ሊሆን ይችላል። የእኛን ግን ያበላሻል።

መልሱ የተገኘው ከጎረቤት ነው። ከሚኒያፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ርቆ ኮሌጅቪል የምትባል ቦታ አለች። ሂል የሚባለው የብራና መጻሕፍት ማዕከል ያለው እዚያ ነው። የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የአገራችንን ብራናዎች አንድ በአንድ እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት እዚያ ተቀምጠው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም ከተነሡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። በነፃ ነው፤ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ለእኛ ሥራ ይህ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ዓይን ቀለሙን ትቶ ቅርጹን ያያል።

አንድ ሌሊት አንዱን ገጽ አጎላሁት፣ አጎላሁት፣ አንዲት «በ» ብቻ ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ። እግሮቿ እንደ ምሰሶ ወፍራም ናቸው። ጣራዋ እንደ ክር ቀጭን ነው። ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አላዘነበለም ማለት ነው። የብዕሩ አፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ታች ሲወርድ በሙሉ ስፋቱ ይጽፋል፤ ወደ ጎን ሲሄድ በስለቱ ብቻ። ሦስት ወር ያለቀስኩበት ነገር ይኸው ነበር።

ማወቁ አንድ ነገር ነው፤ እጅን ማሳመን ሌላ። ቀኝ እጅ በተፈጥሮው ብዕርን አዘንብሎ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ አንጓዬን ጠምዝዤ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን አበጠ። እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። ቀጥሎ ወረቀቱን አናቱ ወደ ግራ እንዲያዘነብል አዞርኩት፤ ይህ ወዲያው ረዳኝ። በመጨረሻ የመቃውን አፍ ራሱን በትንሹ ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩት። ያኔ እጄ እንደለመደው ተቀመጠ፣ የብዕሩ አፍ ደግሞ መስመሩ ላይ ልክ አረፈ። ቁም ጸሐፊዎች፣ ማለትም የብራና መጻሕፍትን በእጅ የሚጽፉት፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደሚጽፉ ትዝ ብሎኝ እኔም ጠረጴዛውን ትቼ ጣውላ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ክርኔ ነፃ ወጣ። አሁን ጠረጴዛ ላይ መጻፍ አልችልም።

መቃውን ከየት እንደማመጣው ለጠየቃችሁኝ፦ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ለቲማቲም መደገፊያ የሚሸጠው ቀርከሃ ነው። አንድ እሽግ ዓመት ይበቃል። ጫፉን በረጅሙ ሰያፍ አድርጋችሁ ትጠርቡታላችሁ፣ ጎንና ጎኑን ታቀጥናላችሁ፣ መሀሉን ትሰነጥቃላችሁ። ቀለሙ የሚወርደው በስንጥቁ ነው። የመጨረሻዋ ቁርጥ ናት ሁሉን የምትወስነው። ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉት፣ ምላጩን አንድ ጊዜ ብቻ ጫኑ። «ጧ» ካለ ጥሩ ነው። ከተፈረካከሰ ምላጩ ደንዟል። ክረምት ቤት የምታሞቁ ደግሞ ቀለሙ መቃው ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ አጠገባችሁ እርጥብ ጨርቅ አይጥፋ።

ከኮምፒውተር ፊደል እየገለበጣችሁ አትማሩ። ብዙዎቹ ብዕር ነክቷቸው አያውቅም፤ ወፍራምና ቀጭኑ የሚወድቀው ያለቦታው ነው። 231ዱንም ፊደል በአንዴ አትያዙ። ከ«በ» እና ከ«ለ» ጀምሩ፤ እግርና ጣራ እነሱ ያስተምሯችኋል። ሳድሱን ወደ ኋላ ተዉት። «ም» እስከ ዛሬ አልተገዛችልኝም።

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ጻፉ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ አላደረግሁትም። ጥር ላይ ተጨማሪ ፈረቃ ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብዕሩን አልነካሁም። ስመለስ እጄ ደንዝዞ ነበር፤ ልተወው ሁሉ አስቤያለሁ። የመለሰችኝ ያቺ ያልተጻፈች የልደት ካርድ ናት፤ መሳቢያው ውስጥ ባዶዋን አገኘኋት። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሙያ የኖሩት ሰዎች ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ መስመሩን በወስፌ አስምረው ነው አንድ ፊደል የሚጥሉት። ይህን ሳስብ ሃያ ደቂቃ መጠየቄ ራሱ ያሳፍረኛል።

የበርበሬውን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለእማዬና ለአባዬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። እማዬ በድምፅ መለሰች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ «ስሜ ለምን በቀይ ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና ስልኩን ለአባዬ ሰጠችው። አባዬ ልጅ ሆኖ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ፎቶውን አጉልቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ «እግሮቹ ቆመዋል። ሌዎችህ ግን ቀለበታቸው ከእግራቸው ተላቋል። ቀለሙ ሳይደርቅ አያይዛቸው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰፊ አፍ ባለው ብዕር ያቺን ትንሽ ቀለበት መሥራት የሚቻለው በማዕዘኑ ብቻ ነው፤ ብዕሩን ሳነሳ ደግሞ ክሩ ይበጠሳል። ከሰኞ ጀምሮ ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ቴ ብቻ እየጻፍኩ ነው። ብዕሩን ሳያነሳ ቀለበቷን የሚዘጋ ሰው ካላችሁ እጃችሁን በቅርብ ቀርፃችሁ ላኩልኝ።