ስምንት ሚሊ ሜትር

የባትላሜራ ሙያ፣ ማለትም የመኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ማቃናትን፣ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ስሙን የወረስነው ከጣሊያኖች በመሆኑ፣ ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጥንት መኪና ማደሻ ጋራዥ ተቀጥሬ ሳለ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ውስጥ በእጅ ተቀጥቅጣ ለትርኢት ብቻ የተሠራች፣ መንትያ የሌላት መኪና ስትመጣልን የሙያዬን ምንጭ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የተሰጠኝ ሥራ ከግራው የፊት ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ ላሜራ) ላይ ዝገት ማንሣት ብቻ ነበር። ሜትር ስዘረጋ ግን ከቀኙ በስምንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በለመድኩት ሥራ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ መኪና የተጋጨ መኪና ነው፤ ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ላሜራውን ከውስጥ በመዶሻ አነሣሁት፣ የጎደለውንም በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ መዳፌን ሳሳልፍበት አንድም እንከን አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት አለቃችን የመኪናዋን የመጀመሪያ ትርኢት ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ከፊት ለፊት የተነሣ ነበርና መንገድ ሳትወጣ ጀምሮ ግራዋ ዝቅ ያለ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የዚያን ዘመን ባትላሜራ ላሜራውን ከእንጨት ቅርጽ ጋር እያመሳከረ በዓይኑና በእጁ ይሠራ ስለነበር፣ ሁለቱ ጎኖች ፍጹም እኩል አይወጡም። እኔ ግጭት ነው ብዬ ያጠፋሁት የዚያን ሰው እጅ ነበር።

አለቃችን ሳይቆጡ ስለ ሊንከን ፉቱራ አጫወቱኝ። ጊያ የተባለው የቱሪን ድርጅት ለፎርድ በ250 ሺህ ዶላር ገደማ የሠራት፣ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ የታየች፣ እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ ቀለም የነበራት መኪና ናት። በኋላ የመኪና ቅርጽ በመለወጥ የታወቀው ጆርጅ ባሪስ በ1 ዶላር ገዝቷት፣ በሦስት ሳምንት ገደማ የቴሌቪዥኑን የባትማን መኪና አደረጋት። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ስኮትስዴል፣ አሪዞና ውስጥ በጨረታ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተጠራባት። በባሪስ አልፈርድም፤ በዚያ ዘመን ብዙ የትርኢት መኪኖች ተጨፍልቀው ብረታ ብረት ሆነዋልና እርሱ ቢያንስ አትርፏታል። ነገር ግን የቺካጎዋ ፉቱራ ዛሬ ያለችው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ጥፋቴን ለማረም አራት ቀን ፈጀብኝ። ስቱኮውን መፋቅ ቀላል ነበር፤ በመዶሻ የተመታ ላሜራ ግን ይለጠጣልና፣ ትንሽ ትንሹን በእሳት እያጋልኩ በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝኩ ወደ ቦታው እንዲሰበሰብ አደረግሁ። ከአንዱ ምት ወደ ሌላው የምሄደው ፎቶግራፉን እያየሁ ነበር።

ባለቤቷ አዛውንት ናቸው። ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ፓራፋንጎውን በጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ፣ የሆነው ሁሉ ሳይቀነስ በመኪናዋ ማኅደር ውስጥ እንዲጻፍ ጠየቁኝ። ማኅደሩ ከመኪናዋ ጋር ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ስለሚተላለፍ፣ ስምንቱን ሚሊ ሜትር፣ የሞላሁበትንና የመለስኩበትን ቀን በእጄ ጽፌ ፈረምኩበት።