እንኳን አደረሳችሁ! ማማን ሳስታውስ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ለላካችሁልኝ የአዲስ ዓመት ምኞት ለሁላችሁም በየስማችሁ መልስ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ግን የሽንኩርቱ ነገር አላፈናፈነኝም፣ በጅምላ ተቀበሉኝ።

ዘንድሮ አንድ ሰው ጎድሎብኛል። ኩዌት አሠሪዬ የነበረችው ማማ ሰኔ ላይ አረፈች። ልጇ ናት በዋትስአፕ ያረዳችኝ። አላህ ይዘንላት።

ማማን ሳስብ የሚመጣብኝ ግንቦት 8 ቀን 2001 ነው። የምርጫ ቀን። በጠዋት ተነስታ ሽቶዋን ነሰነሰች፣ ጥቁር አባያዋን አስተኮሰችኝ። በዊልቸር እየገፋሁ የሴቶች ምርጫ ጣቢያ ወደሆነው ትምህርት ቤት ወሰድኳት። በር ላይ "አንቺ እዚህ ጠብቂ" ተባልኩ።

የኩዌት ሴቶች መምረጥም መመረጥም የተፈቀደላቸው ልክ ከአራት ዓመት በፊት፣ ግንቦት 8 ቀን 1997 ነበር። ከዚያ በፊት በ1992 የአገሪቱ ገዢ አሚሩ ይህንኑ መብት ለመስጠት ያወጡትን አዋጅ ምክር ቤቱ ውድቅ አድርጎት ነበር፤ አባላቱ ያቀረቡትን ተመሳሳይ ረቂቅ ሕግ ደግሞ በ32 ለ30 ጣለው። በሁለት ድምፅ ብቻ! ማማ ይህን ስታወራ ያኔም ትናደድ ነበር።

የማማ ዕጩ ዶክተር ማሱማ አል ሙባረክ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ነበሩ። በ1997 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነው ምክር ቤት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ጥቂት አባላት ጮኸውባቸዋል። እሳቸው መሐላቸውን ጨረሱ። በኋላ የጤና ሚኒስትር ሳሉ ጃህራ ሆስፒታል እሳት ተነስቶ ሁለት ሕሙማን ሞቱ፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። (እኛ አገር በዚህ የሚለቅ ቢገኝ ብላችሁ አትሳቁ።)

ሴቶች በ1998 ተወዳደሩ፣ አንዲትም አላለፈችም። በ2000ም እንደዚያው። በ2001 ግን አራት ገቡ፤ ዶክተር ማሱማ ደግሞ በወረዳቸው አንደኛ ወጡ። ሌሊቱን ማማ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አብሬ አልኩ፣ ከልቤ ነው።

ፓስፖርቴ ግን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ማማን አሳምሬ መጻፌ ነው። ትወደኝ ነበር፤ ቁልፉን ግን አንገቷ ላይ ነበር የምታንጠለጥለው። የቤት ሠራተኛን ሰነድ መያዝ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ2007 ነው፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ። ማማ እልል ያለችለት ያ ምክር ቤት እንኳ ግንቦት 2016 ተበትኗል።

ፓስፖርቴን እናቷን አሳምና ላስመለሰችልኝ ልጇ፣ አረብኛ ላስተማረችኝ የስሪላንካዋ ወጥ ሠሪ፣ ለትኬቴ ግማሹን ለሞላችልኝ እዚያው ኩዌት የሰልሚያ ሰፈሯ ጓደኛዬ፦ ዘመናችሁ ይባረክ።

ኩዌት፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ሆናችሁ ዛሬ የሰው ቤት ለምታጸዱ እህቶቼ ደግሞ ምኞቴ አንድ ነው። ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ፣ ደሞዛችሁ በወቅቱ ይሁን። ያልሆነላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የማውቃቸውን ሰዎች አገናኛችኋለሁ።