አምስቱ ተሰርዞ ሦስት የተባለበት ገጽ

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሜሪላንድ ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የ11ኛ ክፍል ልጆች የፊትዝጀራልድን ልቦለድ ዘ ግሬት ጋትስቢን ያነቡና «ጋትስቢ ትራጂክ ሂሮ (በራሱ ጉድለት የሚወድቅ ጀግና) ነው ወይ» የሚል ኤሴ ይጽፋሉ፣ እኛ ደግሞ ማርኩ ከክፍል ክፍል እንዳይለያይ አብረን ቁጭ ብለን በሩብሪክ፣ በማርክ መስጫ መመዘኛ ማለት ነው፣ እናርማለን። ሩብሪኩ የሚፈልገው ያው የታወቀውን ነው፤ ጋትስቢ ሀብታም የሆነው ለሚወዳት ሴት ለዴዚ ሲል ነው፣ የጣለውም እሷን መውደዱ ነው።

አንዲት ልጅ ግን ይሄን አልተቀበለችም። ጋትስቢ ከተገደለ በኋላ አባቱ ከሚኒሶታ ለቀብር ይመጣና ልጁ ድሮ ያነበው የነበረ የካውቦይ መጽሐፍ አውጥቶ ለተራኪው ለኒክ ያሳየዋል አይደል፣ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ልጁ በእጁ የጻፈው የቀን ፕሮግራም አለ፣ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ኤሌክትሪክ ማጥናት፣ አነጋገር መለማመድ፣ ከስሩ ደግሞ በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ ይልና 5ቱ ተሰርዞ 3 ተብሏል። የተጻፈበት ቀን ሴፕቴምበር 12፣ 1906 ነው። ዴዚን ሉዊቪል ያገኛት 1917 ላይ ነው። እና ልጅቷ ምን አለች፣ ምኞቱ ፍቅሩን 11 ዓመት ይቀድመዋል፣ ዴዚ የመጣችው ተዘጋጅቶ በቆየ ቦታ ላይ ነው፤ 5ቱን ሰርዞ 3 ያለው ልጅ አቅሙን ያውቅ ነበር፣ አድጎ ያለፈውን መመለስ ይቻላል ብሎ ድርቅ ያለው ሰውዬ ግን የሚሰርዘው ነገር አልነበረውም፣ ውድቀቱ እሱ ነው።

የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ሲ ሰጣት።

«ለምን?» አልኩት።
«አረንጓዴውን መብራት አልጠቀሰችም።» ጋትስቢ ማታ ከውሃው ማዶ የሚያየው የዴዚ ቤት መብራት ማለቱ ነው።
«ሌላ ማስረጃ አምጥታለች እኮ።»
«ሩብሪኩ ላይ የለም።»
«መጽሐፉ ላይ አለ!» ብዬ ምዕራፍ 9ን ገልጬ ጣቴን 1906 ላይ አድርጌ አሳየሁት።
አየት አደረገና «ይሄ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እንዴት ነው ትንሽ የሚሆነው? ያ ሁሉ ሰው ቤቱ ሲጠጣ ሲጨፍር ከርሞ ቀብሩ ላይ ሲጠፋ፣ ዴዚ አበባ እንኳን ሳትልክ፣ ሽማግሌው አባት ያቺን ገጽ ይዞ በልጁ ይኮራል፣ ጉዳዩ የፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ ደራሲው ይሄን አባት ምን ብሎ ያመጣዋል? ዴዚ ከባሏ ጋር ስትሄድ ያልቅ ነበር እኮ። ይሄንኑ ሁሉ ነገርኩት፣ ሌሎቹ አስተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ማረማቸውን ቀጠሉ፣ በመጨረሻ ቢ ተባለ፣ ሩብሪኩ ግን እንዳለ ነው።

በጣም የሚገርመኝ ይሄው ሰው ተማሪዎቹን ሮክቪል ድረስ ይዞ ሄዶ ፊትዝጀራልድ መቃብር ላይ ፎቶ የሚያስነሳ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱም የምዕራፍ 9 ነው።

በኋላ ልጅቷን ጠርቶ ስለ መብራቱ አንድ አንቀጽ ጨምራ ከመለሰች ኤ እንደሚሰጣት ነግሯት ኖሯል፣ ምን ላድርግ ብላ እኔ ጋ መጣች። አንድ ቃል እንዳትነኪ አልኳት።