ዛሬ አምስቱም መድፎች ቆሙ

የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ ጨክኗል። ኮላው አልደርቅ ስላለኝ ጠዋቱን ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

የምሠራት ትንሽ የሞዴል መርከብ ፍሌቸር የሚባለው ዓይነት የአሜሪካ ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን የጦር መርከብ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 175 ተሠርተዋል። እውነተኛዋ 115 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። የእኔዋ ከዚያ 350 ጊዜ ታንሳለች፤ ርዝመቷ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ ሁለት ጣት። ይሄ ቅጥነቷ ነው ልቤን የሚወስደው። ለፍጥነት የተሠራች ናት።

መድፎቹ ግን ግማሽ ቀን ፈጁብኝ። መጀመሪያ ስቴኪኒ ሞከርሁ። ሳስቀምጠው ግንድ መሰለ! የእውነተኛው መድፍ አፍ 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእኔ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መዘዝሁ። በምላጭ ቆረጥሁ። አምስቱንም። እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ነበሩ። «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከባችን ላይ ሠርተዋል፤ በ1954 ዓ.ም ከአሜሪካ የመጣችው። እሷ እንኳ ዲስትሮየር አልነበረችም፤ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የተሠራች ናት።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ጠርዙን በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ መደገፊያው የታለ? ማዕበል ሲመጣ ሰው ምን ይይዛል?» አሉኝ።

እኔ ስለ መድፉ ብቻ ሳስብ ነበር። አሁን የእማዬን የክር ሳጥን ከፍቼ ቀጭን ክር እየፈለግሁ ነው።